የትርንጎ ቁስልና የእኔ ጾም

ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ የወጣነው ዶሮ ሳይጮህ ነው። ጨለማውን የመረጥኩት የጎረቤት ዓይን ፈርቼ ነው፤ አልዋሽም። ልጄ ትርንጎ በጋቢ ተጠቅልላ በቅሎዋ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ስንቁን አምጥታ ስትሰጠኝ ከረጢቱን ፈትቼ ፈተሽኩት። ከበሶው ሥር በጨርቅ የታሰረች የቅቤ ቅል አገኘሁ። ወሩ ጥር ነው፣ ጾም የለም። ቢሆንም ቅሏን አውጥቼ መደቡ ላይ አስቀመጥኩና፣ «አሁንም ልታወፍሪያት ነው?» አልኳት። እናቷ የከረጢቱን አፍ መልሳ አሰረችው።

ይህን የምጽፈው እስቴና ስማዳ ላላችሁ ዘመዶቼ፣ ደግሞም ከኋላችን ወደ ሱዳን ለምትመጡ ነው። ስለ ትርንጎ ብዙ ተወርቷልና እውነቱን ከአባቷ ስሙ።

ልጄ ሃያ ዓመት ሲሞላት በር የሚጠባት ሴት ነበረች። እኔ ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ፣ ዳዊትን ብቻዬን የደገምኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ ኃጢአት ይለዋል። ውፍረቷን ሆዳምነት አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የመነኩሴ ጾም አስጾምኳት፤ እንጀራዋን በእጄ እየቆረስኩ ሰጠኋት። ከሳች፣ ግማሽ ሆነች። ቆዳዋ ግን አብሯት አልከሳም። እህሉ እንደፈሰሰ አቁማዳ ከሆዷ እስከ ጭኗ ተንጠለጠለ። ከእጥፋቱ ሥር ላብ እያቆረ ቆሰለ፣ ሸተተ። ቅዳሴ ስትሄድ ከሰው ርቃ ከግንቡ ጥግ ትቆም ጀመር። ጎንደር ያያት ሐኪም ቆዳውን ቆርጦ የሚያነሳ ባለሙያ ካርቱም እንዳለ ነግሮን ወረቀት ጻፈልን።

የይለፍ ወረቀቷ ከመክሳቷ በፊት ለኢየሩሳሌም ጉዞ አስቤ ያወጣሁላት ነበር። መተማ ላይ ሹሙ ፎቶግራፉን አየ፣ እሷን አየ።

«ይህች ሴትዮ የት አለች?»

«ይችው ናት» አልኩት።

«ይህችማ ሲሶዋ ናት። ቀሪውን የት ሸጥከው?»

ትርንጎ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ የክንዷን ቆዳ አሳየችው። ማኅተሙን ቶሎ መታልን።

የእኛ አገር ሰው በጥር ውርጭ እሳት ዳር ሲኮማተር፣ ካርቱም በጥር ጥላ ይፈለጋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለውም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ፉላቸው ግን ባቄላ ነውና እሱ ለጾም አይከፋም ብዬ ተጽናናሁ። ጎንደር ነግዶ አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ክፍል አከራየን። በሳምንቱ መጥቶ በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ ቆመና ያከራየው ለሁለት ሰው እንደሆነ፣ ሽታው ግን ሦስተኛ ሰው እንደሆነ ነገረን። ትርንጎ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በየካቲት ቀደዷት። ሐኪሙ ዝግ ብሎ የሚናገር ሱዳናዊ ነው። የሚያስተረጉሙልን የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ የጭልጋዋ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። የወጣው ቆዳ የበግ ለምድ ያህላል አሉኝ። ከዳሌ እስከ ዳሌ ሰፏት። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና አለፈ። ከዚያ ከስፌቱ ሥር ውሃ ይቋጥር ጀመር። ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል፣ በማግስቱ ሞልቶ ይገኛል። ቀጥሎ እምብርቷ ጠቆረ፤ የስፌቱ ጠርዝም ጠቆረና ተከፈተ። ትኩሳት ያዛት።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ሆስፒታሉ በየጧቱ ወተትና እንቁላል ያቀርብላታል፤ እሷ አጠገቧ ለተኛችው ሱዳናዊት ትሰጣለች። እኔም «ጎበዝ» አልኳት። ሐኪሙ ነገሩን ሲደርስበት አስጠራኝ። እንዲህ የከሳ ሰውነት የሚጠገንበት ጭቃ ስለሌለው ካልበላች ስፌቱ አይይዝም አለ። እኔ ደግሞ የነፍስ አባታችን ስማዳ ናቸውና ጽፌ ፈቃዳቸውን ልጠይቅ አልኩ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ቢለኝ፣ ቢፈጥን አንድ ወር አልኩት።

እትዬ ዘነቡ ይህን አላስተረጎሙለትም። ወደኔ ዞሩና፣ «አያ፣ ደብዳቤው ሲመጣ ለማን ሊያነቡት ነው?» አሉኝ።

ፍርሃቴ ሁለት ነበር። ልጄ እንዳትሞት እፈራለሁ፤ ጾም አስገድፌ በነፍሷ እንዳልጠየቅም እፈራለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን እኔው ራሴ እነግረው ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀኖችም ወተቱ ወደ ሱዳናዊቷ መሄዱን አላቆመም።

በደብረ ዘይት ማግስት የፋሻው ሽታ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ተቀበለኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

«አባ» አለችኝ፣ «ብሞትም ገድፌ አልሞትም። አይዞህ።»

እኔን ነበር የምታጽናናው። የወተቱን ኩባያ ከራስጌዋ አንስቼ አፏ አደረስኩላት። አፏን ገጥማ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ፤ የምፈትናት መሰላት። በሁዳዴ ወተት ቀምሼ አላውቅም። ኩባያውን ወደ ራሴ መለስኩና ተጎነጨሁ። ለብ ያለ የዱቄት ወተት ነበር። ዋጥኩት። ያን ጊዜ እጇን ዘረጋች።

ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ሁለት ጊዜ ጠረገው። እምብርቷ አልተረፈም። ቁስሉ ግን እየጠበበ ሄደ፤ ዛሬ ጣት የምታህል ቀርታለች። ያቺው ቁስል አንዳንድ ቀን ትዘጋለች፣ አንዳንድ ቀን ታዣለች። ገና ዳግመኛ ይቀደዳል ተብለናልና መመለሻችንን አናውቅም። እኔ የነጋዴ መጋዘን እጠብቃለሁ። ከኋላችን የምትመጡ፣ ስንቃችሁን ሚስቶቻችሁ እንዳሰሩት ተሸከሙት።

ከፋሲካ በኋላ በደብዳቤ ተቀጣጥረን፣ እናቷ ጎንደር ወንድሟ ዘንድ መጥታ በስልክ አገኘኋት። እንደ ወጉ ጾሙን በምን እንደፈታን ጠየቀችኝ።

«በወተት» አልኳት። «በደብረ ዘይት ማግስት።»

«እሷ?»

«እኔም። እኔ ነኝ የቀደምኩ።»

  ንስሐ ይግቡ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ያቺ የቅቤ ቅል» አለች፣ «ካስቀመጧት መደብ ላይ ናት። ማንም አልነካትም።»

 ሆዷን በእጇ ደግፋ አጠገቤ ለቆመችው ለትርንጎ መነጋገሪያውን ሰጠሁና ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።