የሳህሌ እናት

መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጀመር፣ የሮቢት መዝጋቢዎች የሚፈሩት አንድ ሰው አለ፤ እትዬ መሊካ። ልጁ የማንም ይሁን፣ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም፣ እሳቸው ከሰልፉ ጋር ይገባሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ጸሐፊው ስም ጽፎ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ግን «አንብብልኝ» ይሉታል። ያነባል። «የአባቱንም።» ያነባል። «እንደገና፣ ቀስ ብለህ።» ባለፈው ዓመት አንዱ ወጣት መዝጋቢ «እማማ፣ ሥራ ያስፈቱናል እኮ» ቢላቸው፣ ከኋላቸው የቆምኩት እኔ ደሜ ፈላና «አንብብ ስትባል አንብብ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።

ስሜ ፀሐይ ነው። በ1981 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ከባለቤቴ ከወርቁ ጋር ከእትዬ መሊካ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተጎራብተን እንኖር ነበር። ባላቸው እንድሪስ ከሞተ ወዲህ የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሷሊሕ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሽንኩርት ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ በአፈሳ ያዙትና ለውትድርና ጭነው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ልጁ ይኑር ይሙት ለማወቅ እናትየው ያልጠየቁት ሰው አልነበረም።

በጀውሃ በኩል የሚያልፉ የከባድ መኪና ረዳቶች ናቸው ወሬውን ያመጡት። የታጋዮቹ የበረሃ ሬድዮ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ያነባል አሉ። ያን ሬድዮ ማዳመጥ ያሳስራል። በሰፈራችን ራቅ ያለ ጣቢያ የሚይዝ ሬድዮ ያለው ወርቁ ብቻ ነበር፤ ትራክተር ነጂ ስለሆነ ስድስቱን ቀን እርሻ ላይ ይዟት ይውላል። ቤት የምትውለው እሁድ ብቻ ናት።

እሁድ ጠዋት ከተማው ሁሉ የሚያዳምጠው አንድ ጣቢያ ነው። ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር ብትሄዱ ዘፈኑ ከቤት ቤት እየተቀባበለ ሳይቋረጥባችሁ ትደርሳላችሁ። ከቀትር በኋላ የኛ ተራ ነው። እንዲበረቱ ብለን ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ያሰጣናቸውን የባትሪ ድንጋዮች ወርቁ ይመልስና ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ዘብ መሆኑ ነው። እኔና እትዬ መሊካ በርና መስኮት ዘግተን፣ ሬድዮዋን በመሃላችን አድርገን ብርድ ልብስ እንከናነባለን። በሮቢት ሙቀት! በዚህ አገር ቀን በሩን የሚዘጋ ወይ አራስ ነው ወይ ሌባ። ሰው ከመጣ «ሹሩባ እየሠሩልኝ ነው» እላለሁ። ስለዚህ ያን ዓመት ግማሹ ራሴ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ከረመ።

ላባችን ይንጠባጠባል፣ ትንፋሽ ያጥረናል፤ ግን ማንም አይገልጥም። እኔ መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ነኝና ስሞቹን በወረቀት እይዛለሁ። እሳቸው ጆሯቸውን ይደቅናሉ፣ ለአንዲት ስም ብቻ። ስሞቹ ተነብበው አልቀው ዘፈን ሲገባ ብርድ ልብሱን ገልጠው «አልሐምዱሊላህ፣ ለሳምንት ያድርሰን» ይላሉ። እኔም ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ እከታለሁ።

አንድ የግንቦት እሁድ፣ ጣቢያው እየራቀ እየቀረበ ሲያስቸግረን፣ አንባቢው «ወታደር ሳህሌ እንድርያስ፣ ከይፋትና ጥሙጋ፣ ሮቢት» አለ። እጄ ቀጥ አለ። የኛ ከተማ! እትዬ መሊካ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«ማን አለ?»

«ሳህሌ እንድርያስ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«እንጃ፣ የክርስቲያን ልጅ ነው» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት። እሳቸው በዚያ ጨለማ ውስጥ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ያ ረቢ፣ የኔን ባታሰማኝ እንኳ፣ ይህን ስም ለእናቱ ጆሮ አድርስላት» ብለው ዱዓ አደረጉ። ያቺን ወረቀት አላቃጠልኳትም። እናቱ ስትገኝ ላሳያት ብዬ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቅኳት።

እዚያው ላይ ቢተዉት ምን ነበረበት? እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ።

«ፀሐይዬ፣ በዚሁ ከተማ አንዲት እናት እንደኔ ትንገበገባለች። ልጇ መኖሩን እኔ አውቄ እሷ አታውቅም። አላህ አይጠይቀኝም?»

«እትዬ መሊካ፣ በማርያም ይተዉት! ያስበሉናል» እላለሁ።

መች ሰምተውኝ! ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ቦኖ ውሃ ላይ፣ «የሳህሌን እናት ታውቂያለሽ?» ነው። ለምን ሲባሉ አይናገሩም። ከተማው ለቀልድ አይሰንፍምና «የሳህሌን እናት ፈላጊዋ» የሚል ስም አወጣላቸው።

ወሬው ከሰፈሩ ካድሬ ጆሮ ገባ። ሁለት ቀን አስሮ፣ ይህን ስም ከየት ሰማሽው አላቸው። «በሕልሜ» አሉ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ከተፈቱ በኋላ ግን ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሰው ቆሞ መዋል ጀመረ። ወርቁ ሬድዮዋን በጆንያ ጠቅልሎ የማሽላው ጎታ ውስጥ ቀበራት። እኔም ፈሪ ነኝና፣ በሚቀጥለው እሁድ ሲመጡ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት።

አላንኳኩም። ደፉ ላይ ተቀመጡ። በሚቀጥለውም እሁድ መጡ፣ በሚቀጥለውም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ወዲህ እኔ በሙቀቱ ታፍኜ፣ ወዲያ እሳቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ሬድዮዋ በማሽላ ተውጣ። ወጣ ልበል ብል እሳቸውን ተራምጄ ነው መውጣት ያለብኝ፤ ምን ብዬ? እንደዚያ ያለ እስር አላውቅም። ቁልፉ በእጄ ሆኖ የታሰርኩት እኔ ነበርኩ።

በ1983 ግንቦት መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደሩ ሁሉ ወደየቤቱ ተበተነ። ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ከሲታ ወጣት መናኸሪያው ላይ ወርዶ «የሳህሌ እንድርያስን እናት እፈልጋለሁ» ይላል። ሰዉ ሳቀ። «እሷን እንኳ አናውቃትም፣ ፈላጊዋ ግን አለችልህ» ብለው ወደኛ ሰፈር ላኩት። እሁድ ነበርና ደፋችን ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። የእንግዳ ድምፅ ስሰማ መቀርቀሪያውን አነሳሁ፤ በእሁድ ስከፍት ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ፣ ቢኒያም እባላለሁ። የሳህሌን እናት ያውቋታል?»

የእትዬ መሊካ ፊት በራ። «አንተም ትፈልጋታለህ? እኔኮ ልጄ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ፈልጌ አጣኋት! ስሙን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ልጅሽ አለልሽ ልላት ነበር።»

ቢኒያም አንገቱን ደፋ። «የለም፣ እማማ። አምና ክረምት ወባ ገደለው። አብረን ነበርን ምርኮ ላይ። ይህን ስጥልኝ ብሎኝ ነው» አለና ከኪሱ የሙስሊም መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ አወጣ።

የክርስቲያን ልጅ ሙስበሃ ምን ያደርግለታል ልል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከጥቋቁሮቹ ፍሬዎች መሃል አንዷ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። የሷሊሕ ሙስበሃ ፍሬ ጎድሎበት እናቱ የሰኩለት ናት። ቁልፏን ከወርቁ አሮጌ ሸሚዝ ፈትቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ቢኒያም አልገባውም፣ ይናገራል። «ስሙስ ሌላ ነበር። ማሠልጠኛ ስንገባ ሷሊሕ እንድሪስ ቢል ጸሐፊው ሳህሌ እንድርያስ ብሎ ጻፈው። ተሳስተሃል ቢለው፣ እለፍ አለው። ከዚያ ወዲያ በዚያው ቀረ፤ የኔም አፍ የለመደው ሳህሌን ነው።»

እትዬ መሊካ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ፤ ቁልፏ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ስሙ ሲነበብ ሰምቷል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰምቷል። ስሜን ቢያበላሹትም እናቴ አታጣኝም፣ ሰምታኛለች ይል ነበር። በዚያው ተጽናንቶ ነው የሞተው።»

እኔ እዬዬዬን አቀለጥኩት። «የክርስቲያን ልጅ ነው ያልኩ እኔ! እኔ ነኝ እትዬ መሊካ!» እያልኩ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ወረቀቷ አሁንም ግድግዳው ውስጥ ነበረች፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

እሳቸው አላለቀሱም። ቁልፏን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ «ለእናቱ ጆሮ አድርስላት ብዬ ዱዓ አላደረግኩም?» አሉኝ። «ለካስ ገና ሳልለምነው ደርሷት ኖሯል።»