እጥበቱ እስኪጠራ

ሀርጌሳ ስመጣ ኬሚስትሪ መማሬን ለማንም አልተናገርኩም። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ልብስ አጠብኩ፣ ወለል ወለወልኩ። ከዚያ አንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ሥራው ያው እጥበት ነበር፤ ቢያንስ የማጥበውን ዕቃ ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ መምህርት ናት። አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። በዕድሜ እኩያሞች ብንሆንም አንቱ እላት ነበር። የያዘችው ምርምር፣ ሰው ቁስል ለማጠብ ከሚያፈላው የግራር ቅርፊት ውስጥ ጋሊክ አሲድ የሚባለውን ውህድ ለይቶ ማውጣት ነው። ቅርፊቱ ሲፈላ ብዙ ነገር ተደባልቆ ስለሚወጣ፣ ያንን አንዱን ብቻ የሚይዝ ፖሊመር፣ ፕላስቲክ መሰል ጠጣር ነገር፣ እየሠራች ነበር። ፖሊመሩ ገና ፈሳሽ ሳለ ጋሊክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ሲጠጥር ሞለኪውሎቹ ውስጡ ተቀብረው ይቀራሉ። ታጥበው ሲወጡ በልካቸው የተቀረጸ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። የቅርፊቱ ውሃ በላዩ ሲያልፍ፣ ውስጡ ያለው ጋሊክ አሲድ እዚያ ቦታ ገብቶ ይያዛል።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። እሷ ግን ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስቴም አልያዘላትም። ለማነጻጸሪያ ብላ ያለ ጋሊክ አሲድ ከሠራችው ፖሊመር በምንም አልተሻለም። አንድ ጠዋት ስገባ ነጩን የፖሊመር ዱቄት ልትደፋው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆማለች።

«ትንሽ ይቆዩ» አልኳት። «በደንብ የታጠበ አልመሰለኝም።»

«ቀኑን ሙሉ አጥቤዋለሁ እኮ።»

«የመጨረሻውን እጣቢ አይተውታል? አይረን ክሎራይድ ጠብ ቢያደርጉበት፣ ጋሊክ አሲድ ካለው ይጠቁራል።»

«የት ተማርሽ ይህን?» አለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ።» ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ሌላ አልጠየቀችኝም። የአይረን ክሎራይዱን ጠርሙስ አንስታ ሰጠችኝ። «አድርጊው» አለች።

እጣቢውን አትንኜ ቅሪቱን በውሃ አሟሟሁትና ቢጫዋን ጠብታ ጣል አደረግኩበት። እንደ ቀለም ጠቆረ። ለካ ቦታዎቹ እንደ ተያዙ ነበሩ፤ አዲስ የሚመጣው መግቢያ አልነበረውም።

አምስት ቀን አጠብኩት። ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ ቀላቅዬ አፈላለሁ፣ እቀይራለሁ፣ እፈትናለሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ ከቀዘቀዘበት እንደገና አሙቄያለሁ። መጀመሪያ ቀለም የመሰለው እጣቢ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ዳመና የነካው ውሃ መሰለ። በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቢጫዋ ጠብታ ቢጫ እንደሆነች ቀረች። ዓይኔን ስላላመንኩት ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

በማግስቱ የቅርፊቱን ውሃ በሁለቱም ፖሊመሮች ውስጥ አሳለፍነው፤ የያዙትን አስለቅቀን ለመለኪያው ማሽን ሰጠነው። መጀመሪያ ያልተጣራውን ለካነው፤ ስክሪኑ ላይ ጉብታ በጉብታ ላይ ተደራረበ። የማነጻጸሪያው ፖሊመር የያዘው ለዓይን አይሞላም። የእኛው ሲመጣ መስመሩ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ ሄደና ጋሊክ አሲድ በሚወጣበት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ተነሣ። አንድ ረጅም ጫፍ። ሌላው ሁሉ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ይህ ያንቺ ሥራ ነው።»

«የእርስዎም ነው።»

«አንቱታው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ሚኒባስ አልያዝኩም። ፀሐዩ እንደ ጉድ ቢሆንም፣ ለብቻዬ እየሳቅኩ በእግሬ ሄድኩ።

በሳምንቱ መምህርቷ ዲኑ ቢሮ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ነጭ ጋወን ይዛልኝ መጣች፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ፊት አቁማኝም ሥራውን በእንግሊዝኛ አስረጂ አለችኝ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ጀመርኩት፤ ከሁለተኛው ወዲያ ግን ቃሉ ራሱ ይመጣ ጀመር። ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣልኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ሣልኩ። ስጨርስ ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ዞርኩ። የክፍሉ ግማሽ እጁን አውጥቷል።