የአባቴ ድምፅ ለሠላሳ ሲከፈል

እናቴ ስልክ ላይ ረጅም ወሬ አትወድም። ሰላምታውን ታወርዳለች፣ የበላሁትን ትጠይቃለች፣ «በይ አላህ ይጠብቅሽ» ብላ ትዘጋለች። የዚያን ቀን ግን አልዘጋችም።

«መልካቸው አለ። ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል። ድምፃቸው ነው እየራቀኝ ያለው» አለች። «ያን የቀረጽሽውን መቼ ነው የምትልኪልኝ?»

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ቤተሰቤ ያለው ጅማ ነው። እኔን ሥራ ይዞኝ የመጣው ሸዋ ሮቢት፣ ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በእኛ ሟች አያድርም። ወሬው ደርሶኝ፣ መኪና አግኝቼ፣ ጣርማ በርን ወጥቼ፣ አዲስ አበባን አቋርጬ እስክደርስ የጠበቀኝ የደረቀ አፈር ነበር። ከእሱ በእጄ የቀረኝ ቀደም ብሎ ለዒድ ቤት በሄድኩ ጊዜ የቀረጽኩት አንድ ረጅም ቪዲዮ ነው። ከዙህር በኋላ ግቢው ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስልኬን ከባልዲ ጋር አስደገፍኩና «አባ፣ የምታስታውሰውን ሁሉ ንገረኝ» አልኩት። እስከ መግሪብ ድረስ ነገረኝ።

ወደ ሮቢት ስመለስ ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከሞተ በኋላ ግን ከፍቼው አላውቅም። እዚያ መኖሩን አያለሁ፣ መጠኑን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። «እልካለሁ እማ፣ ኢንሻአላህ» ብቻ አልኳት።

ሮቢት መብራት ካለ ኔትወርክ አለ። ሁለቱም የሚሻሉት ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ቆላው ገና ሳይግል፣ ሰውም ስልኩን ሳያነሳ ነው። ሰግጄ እንደጨረስኩ ቪዲዮውን እጭናለሁ፤ መስመሯ ቀስ እያለች ትሞላለች፤ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ቁርጥ ትላለች። ከዚያ እንደገና ከዜሮ። አከራዬ የአካባቢው፣ የቀወት ገበሬ ልጅ የሆኑ፣ ማተባቸው በላብ የጠቆረ ባልቴት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ኮምፒውተሩን አቅፌ ያገኙኛል።

«ዛሬስ ተሻገረልሽ?»

«አልተሻገረም እትዬ። ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።»

«ደብረ ሲና ላይ ጉም ይዞት ይሆናላ!» ይሉና እየሳቁ ይገባሉ።

ጅማ ገበያ ውስጥ የስልክ ሱቅ ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ።

«እታለም፣ አንድ ላይ አይሄድልሽም» አለኝ። «ጨምቂው፤ ከዚያ ቆራርጠሽ ላኪው። መስመር ቢቋረጥ የተቋረጠውን ክፍል ብቻ ትደግሚያለሽ።»

«አባን ነው ቆራርጪው የምትለኝ?»

«ፋይሉን! ኧረ ፋይሉን ነው ያልኩሽ!»

እኔ ስም ያልተጻፈበት የደም መስታወት በእጄ የማላሳልፍ ሰው ነኝ። የማንም ደም ከማንም ጋር እንዳይቀላቀል ቀኑን ሙሉ ስጠነቀቅ ነው የምውለው። አንድን ነገር ሰባብሮ «እዚያ ይገጠማል» ብሎ መስደድ አልጣመኝም። ቢሆንም ጨመቅኩት። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ቆየና ጨረሰ። መጠኑን ባየው ያው ነው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ቪዲዮ ሲቀረጽ ነው የሚጨመቀው» አለኝ ወንድሜ። «ሁለቴ አይጨመቅም። አንቺን የሚጠቅምሽ መቁረጡ ነው።»

የእያንዳንዱ ክፍል መጠን ምን ያህል ይሁን ብሎ ፕሮግራሙ ሲጠይቀኝ፣ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ሠላሳ እንዲመጣ አደረግኩት። ለምን ሠላሳ ብባል ለዓይኔ ደስ ስላለኝ ነው። ለአባቴ ኸትማ ስናደርግ ቁርአኑን በሠላሳው ጁዝ ከፍለን፣ አክስቶቼና የጎረቤት ሴቶች አንድ አንድ ወስደው ነበር አንብበው የጨረሱለት። ለዚያ የተከፈተው ግሩፕ እስካሁን አለ፤ እናቴም በውስጡ ናት። ወዲያው ግን የአባቴን ወሬ ከአላህ ቃል ጋር ያስተካከልኩ መሰለኝና አስተግፊሩላህ አልኩ። ሠላሳነቱን ግን አልቀየርኩትም። እያንዳንዱ ላይ «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩበት። በተከታታይ ጠዋቶች አንድ በአንድ ወደዚያው ግሩፕ ላክኩት። የመጨረሻው ሲደርስ «የአባ ነው፣ ሠላሳ ክፍል ነው» ብዬ ጽፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

የወባ ወቅት ስለነበር እስከ ቀትር ስልኬን አላየሁም። ስከፍተው ግሩፑ ሞልቷል።

«ቢስሚላህ፣ አንደኛው የኔ» ይላል የታላቅ አክስቴ ጽሑፍ።

«አራተኛውን ይዣለሁ።»

«ሐጃ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ አጠር ያለውን ይውሰዱ።»

«ሁሉም እኩል ነው እኮ! ሃያ ሁለተኛውን ስጡኝ፤ ባለፈውም እሱ ነው የደረሰኝ።»

«አሥራ አንድን ማን ነካብኝ? ከጠዋት ጀምሮ የኔ ነው ብያለሁ!»

እንደ ኸትማው ጁዝ ሠላሳውም ተይዟል። እያንዳንዷ የራሷን ብቻ አውርዳለች። ዳታው ያልቃል፤ ደግሞም የሌላ ሰው ጁዝ አይነካም። ከሥር ሌላ ወሬ ጀምሯል።

«የኔ አልከፈት አለኝ።»

«የኔም። ነጭ ወረቀት ነው የሚያሳየው።»

«ታጥበሽ፣ ውዱእ አድርገሽ ነው የከፈትሽው?»

«ሂጂ ወዲያ! ስልክ ለመክፈት ደግሞ ውዱእ!»

ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሠላሳው አንድ ስልክ ላይ ካልተሰበሰበ አንዱም እንደማይከፈት ጻፍኩላቸው። ታላቅ አክስቴ በድምፅ መለሰችልኝ፦ «እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ? ታዲያ ሠላሳውን ማን ብቻውን ይወጣዋል?»

ወንድሜ ሁሉንም አውርዶ ሱቁ ውስጥ ገጠመው። ተከፈተለት። ግን ለእናቴ ትንሽ ስልክ አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ አይዝም። የወንድሜ ስልክም ከእሷ አይሻልም፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከጠረጴዛው የማይነሣው ዓይነት ነው። ሱቅ መጥታ እንድታይ ለመናት።

«ገበያ መሃል ተቀምጬ ሰው ፊት አላለቅስም» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ቪዲዮው ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ያ ከጥያቄው ይልቅ ከበደኝ።

ማታ አከራዬ ደጅ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲለቅሙ ነገሩን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

«እኛ ቅርጫ ስናርድ እኮ እያንዳንዱ መደብ ላይ ከሥጋውም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ይደርሳል። የወሰደ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ወጥ ይሠራል። ያንቺ እንዴት ያለ ምደባ ነው? ለአንዷ ቀንድ፣ ለአንዷ ሸኮና!»

«ኮምፒውተሩ ነው እትዬ የመደበው።»

«እንግዲያው ቢላውን ከእሱ ቀሚና ራስሽ ያዢው።»

ቢላውን መያዝ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ቪዲዮውን ራሱን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው እንዲከፈትና እንዲሰማ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን የት ላይ እንደሚቆረጥ ለማወቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ ከፈትኩት።

አባቴ ዱካው ላይ ተቀምጦ የጣቱን ቀለበት እያዞረ፣ «አሁን ይሰማል?» ይላል። ይሰማል አባ። ልብስ ሰፊ ስለነበር ሲያወራ እጁ ባዶውን አይቀመጥም፤ የሌለ ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ያስተካክላል። ቅድመ አያቱ ከአሊዩ አምባ ከነጋዴ ጋር ወጥቶ ጅማ እንደቀረ ይነግረኛል። እኔ እዚህ ይፋት፣ ሮቢት የተመደብኩ ጊዜ ከቤቱ ደስ ያለው እሱ ብቻ ነበር። «አገራችን ነው እኮ የሄድሽው» ይለኝ ነበር፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን ረግጦት ሳያውቅ። እዚህ እንደመጣሁ አሊዩ አምባ ድረስ ወርጄ ነበር። የሚያውቀን ሰው አላገኘሁም። አንድ ሽማግሌ ውሃ አጠጡኝና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡ፣ «አላህ ያውቃል» አሉኝ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም ነበር። ቪዲዮው ላይ «ሄደሽ አይተሽዋል አይደል?» ሲለኝ፣ ከስልኩ ጀርባ «አዎ፣ ደስ ይላል» ስል ራሴን እሰማለሁ።

ትንፋሽ የሚወስድበትን፣ ምራቁን የሚውጥበትን፣ «ከዚያማ» ከማለቱ በፊት ያለውን እየጠበቅኩ ቆረጥኩ። ቃል መሃል ላይ እንዳልገባ ያንኑ ቦታ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዳንዱን ጠዋት አንድ ቁራጭ ብቻ ሠርቼ ፊቴን ታጥቤ ሥራ እገባለሁ። ዓይኔን ያዩ የሥራ ባልደረቦቼ ወባ ይዞኛል ብለው ደሜን ሊያዩ ይፈልጋሉ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም ማለት አልችልም፤ ይሉኛል። መልሱ ግን አባቴን ለሚያውቅ ሰው ነው የሚነገረው፤ ሮቢት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

መሃል ላይ አባቴ ለዐስር ሰላት ውዱእ ሊያደርግ ይነሣል። እኔም ልሰግድ ሄጄ ስልኩን ማጥፋት ረስቼ ኖሯል። ዱካው ብቻውን ቆሟል። የተሰጣ ልብስ ይወዛወዛል፤ አንዲት ዶሮ መጥታ ባልዲውን ትነካና ትሄዳለች። እሱን ቶሎ አሳልፌ ቆርጬ ጣልኩት።

ጨርሼ ስቆጥር ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ሴቶቹ የለመዱት ሠላሳ ነው፤ ሠላሳ ብያቸዋለሁ። ያማረ ወሬ ለሁለት ልሰብር አልኩና አልሆነልኝም። የጣልኩትን ዱካ መልሼ አነሣሁትና በቦታው አስገባሁት። «ይቅርታ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ምንም የለም፤ አባ ለሰላት ተነሥቶ ነው። ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

በዚህኛው ዙር የላክኩት ሁሉም ሲነካ ተከፈተ። አክስቶቼ ሲስቁና ሲያለቅሱ በድምፅ ይልካሉ። «እኔ ጋ ስለ በቅሎዋ ነው የሚያወራው!» «እኔ ጋ እያዛጋ ነው፣ ወላሂ እያዛጋ ነው!» አንዷ የሌላዋን ለመስማት ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አሥራ ሰባተኛውን ግን የወሰደ የለም።

እናቴ በዚያ ግሩፕ ውስጥ ተናግራ አታውቅም። ቁራጮቹን ግን አንድ በአንድ እየከፈተች ስትሰማ ኖሯል። ከዐስር በኋላ ድምፅዋ መጣ።

«ያ ዱካው ብቻውን ያለበት የኔ ነው። ማንም እንዳይወስድብኝ።»

«እሱ ላይ ምንም የለም እኮ ብላለች» አለች ታላቅ አክስቴ።

«አለንበት» አለች እናቴ።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ልብሱ ይወዛወዛል። ዶሮዋ መጣች፣ ሄደች። ከዚያ ከምስሉ ውጭ፣ ከጓሮ በኩል፣ ማንቆርቆሪያ ሲነሣ ይሰማል።

«ቀዝቃዛ ነው እኮ። ላሙቅልዎት?» ትላለች እናቴ።

«ተይው፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ትናንትም ሲያስልዎት ነበር ያደረው።»

«እንግዲያው ትንሽ ቀላቅይልኝ» ይላል አባቴ። ዱካው ላይ ሆኖ ለእኔ ሲያወራ ባልነበረው ድምፅ ነው የሚለው፤ ዝቅ ያለ፣ ለማንም ያልተቀረጸ። ከዚያ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ውሃው ብቻ ነው።

ሠላሳውም ባለቤት አገኘ። ለእኔ የተመደበ አልነበረም፤ ሙሉው አንቺ ጋ ነው ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስወጣ አከራዬ ደጃቸው ላይ ነበሩ።

«ተሻገረልሽ?»

«ተሻግሯል እትዬ» አልኳቸው።

ሙቀቱ ገና አልበረደም። ለውዱእ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። የሮቢት ውሃ በዚያ ሰዓት ማሞቅ አያስፈልገውም፤ ከቧንቧው ሞቆ ነው የሚወርደው።