ፓካርዷን ከነስሟ

ዶሮ ታቅፋባት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰው ቆሞ የሚያያት፣ ኒኬሏ እንደ ጥምቀት ጃንጥላ የሚያብለጨልጨው፣ ያቺ ረጅም ጥቁር የአሜሪካ መኪና መካነ ኢየሱስ ከፊታውራሪ ውቤ ግቢ ጓሮ፣ በሣር ዳስ ሥር ተጋድማ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ቀይ ዶሮ ዕንቁላሏን ታሞቅባት ነበር። ፓካርድ ነበር ስሟ። ፊታውራሪ ከሸገር ይዘዋት ሲመጡ ግንቦት ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ወንዙ ሞልቶ ቆያቸው። ሹፌሩ «እሻገራለሁ» አለ፤ ገባ። ሰው በሰላም ወጣ፤ መኪናዋ ግን ተገልብጣ ሌሊቱን ውኃ ሲያንገላታት አደረ። በማግስቱ አርባ ሰውና ስድስት በሬ ጎትተው አወጧት። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ ያያት ሰው ቢኖር ደምሌ ብቻ ነው።

ደምሌ ኮርቻ ሰፊ ነው። የእስቴ ባላባት በቅሎ ላይ ሲቀመጥ የሚቀመጠው በደምሌ ስፌት ላይ ነበር፤ ሲወርድ ግን «ያ ቆዳ ፋቂ» ይለዋል። በጣሊያን ጊዜ፣ ጢሙ ገና ሳይበቅል፣ ደብረ ታቦር ከአንድ ጋራዥ ገብቶ ቡሎን በቤንዚን ሲያጥብ ኖሯል። ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም ያየ ዓይን በሌላ ነገር አይጠግብምና፣ ኮርቻ እየሰፋ ልቡ ሁልጊዜ እዚያው ነበር።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የፊታውራሪን አዲስ ኮርቻ ተሸክሞ ማለዳ ግቢያቸው ገባ፤ አዝማሪው ሀይሌ መሰንቆውን በብብቱ ይዞ ተከትሎታል። ሀይሌ ከስማዳ የመጣ፣ እናት አባት የሌለው፣ ሦስት ክረምት በደምሌ መደብ ላይ የተኛ፣ የደምሌ ሚስት ላቀች ቀሚሷን ሳታጥብ የሱን ሸማ ያጠበችለት ሰው ነው። ደምሌ ኮርቻውን አስረክቦ ዓይኑ ወደ ዳሱ ሄደ።

«ምን ታያለህ? ሬሳ አይተህ አታውቅም?» አሉ ፊታውራሪ።

«ሬሳስ አይደለችም ጌታዬ። ታማለች እንጂ አልሞተችም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ደግሞ አተኩረው አዩት። «እንግዲያ ካስነሳሃት ያንተ ትሁን» አሉና ከግድግዳው ላይ የበቅሎ ልጓም ጠፍር አወረዱ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ጫፉ ላይ ቋጠሩት። «በቅሎ ሲሰጥ በልጓም ነው። እንካ፣ ያዝ! ይቺ ገብስ አትበላብህም።»

ደምሌ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ሀይሌ፣ አይተሃል?»

«አይቻለሁ ጌታዬ! ዓይኔ ምስክር ነው!» አለና እዚያው፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ መሰንቆውን ገዘገዘው፤

ሹሙ ሁሉ ሲሰጥ በቅሎ ከነልጓሟ፣
ውቤ ግን ለደምሌ ፓካርዷን ከነስሟ።

ከሦስቱ በቀር በግቢው ሰው አልነበረም። ግን ያ ግጥም እግር አወጣ። ጋይንት ላይ አረም ሲታረም ተዘፈነ፤ ስማዳ ላይ እህል ሲወቃ ተዘፈነ፤ አርብ ገበያ ላይ ደምሌን በመልኩ የማያውቅ ሰው በስሙ አወቀው። ደምሌም፣ እንዲህ አገር ያወቀውን ስጦታ ማን ይክደኛል? አለ። ወረቀት አልጠየቀም። ዘፈን እንደ ድንበር ድንጋይ የሚቆም መሰለው።

ከዚያ ሰባት ዓመት።

መጀመሪያ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ጠበቀ፤ ላቀች ስቃ ልትሞት። ከዚያ በበሬ አስጎትቶ ደጁ አመጣት። ቀጥሎ ሞተሩን ቡሎን በቡሎን ፈታ፤ እያንዳንዷን ብረት በዘይት አሽቶ ልክ እንደ አወጣጧ በተራ ቆዳ ላይ ዘረጋ፤ ዶሮ እንዳይረግጣት እሾህ አጠረባት። የወንዙ ደለል ከሞተሩ ሆድ በእፍኝ ወጣ። ለወንበሮቿ የሃያ ሁለት ፍየል ቆዳ ፍቆ፣ በቅቤ አሽቶ፣ በኮርቻ ስፌት ሰፋ። የመሪዋን የተሰበረ ጎን በላም ቀንድ ቀጠለ። የፊቷን ጣውላ በዋንዛ ተካ፣ በሰም ወለወለው። የተሰበረው የፊተኛው በር መስኮት ጊዜ ግን ጭንቅ ሆነ፤ መስተዋት ከየት ይምጣ? እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም በእግሩ ሄዶ ከአንድ ብራና ፋቂ መነኩሴ ዘንድ ዐሥራ አምስት ቀን ተቀመጠ፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ቆዳ ማሳሳት ተምሮ ተመለሰ። በዚያች መስኮት የሚገባው ፀሐይ የማር ቀለም ነበረው።

ለአራቱ ጎማ በሬውን ሰጠ። ወይኖ የሚባለውን፣ ስሙን ሲጠሩት ቀንበር ሥር ራሱ የሚገባውን በሬ፣ ደብረ ታቦር ነድቶ ለአንድ ነጋዴ አስረክቦ፣ ጎማውን በአህያ ጭኖ መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ ነው ያረሰው።

ራዲያተሩ ሲያፈስ ደግሞ ላቀች ራሷ መጣች። የሠርጓን የብር አልቦ ከእግሯ ፈትታ በመዳፏ ይዛለች። «ብር አንጥረኛው በላይነህ ይድፈንበት» አለች።

«አንቺ! የእናትሽ አይደለም እንዴ?»

«እናቴ ዘንድ አይደል የምትወስደኝ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ላቀች የመጨረሻውን ልጅ ስትወልድ ዳሌዋ ተጎድቶ በእግር ሩቅ አትሄድም፤ በቅሎ ላይም አትችልም። እናቷ በደብረ ታቦር መንገድ፣ አፋፍ ላይ፣ ዓይኗ እየደከመ ትኖራለች። ስድስት ዓመት አልተያዩም። ደምሌ የኋላውን ወንበር ሲሰፋ ከሥሩ የበግ ፀጉር ሦስት ድርብ የጎዘጎዘው ለዚያ ነበር። ላቀችም ጥጥ ስትፈትል በዝቅታ ትል ነበር፤

አልቦዬን አቅልጬ በብረት ላይ አፍስሼ፣
እመጣለሁ እናት በጎማ ላይ ነግሼ።

ሀይሌ በዚያ ሁሉ ዘመን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዜማል። ደምሌ «አንተ ሰው፣ መፍቻ እንኳ አቀብለኝ እንጂ!» ሲለው፣ «እኔ ካላዜምኩ ብረቱ አይሰማህም» ይላል። አይዋሽም፤ ደምሌ እጁ ሲዝል የሀይሌ ድምፅ ያነሳው ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ፊታውራሪ ውቤ አረፉ። ልጃቸው አለሙ ለተዝካር ከአዲስ አበባ መጥቶ በደምሌ ደጅ ሲያልፍ መኪናዋን አያት። «ይኸ የዶሮ ቤት እስካሁን አለ?» ብሎ ስቆ ሄደ።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሰፈሩ ተጠራ። ሞተሩ እንዲነሳ ከአፋፉ ወደ ታች መገፋት ነበረባት።

«ትሸከመናለች ስንል ተሸከምናት!» አሉ እትዬ ተሾመች፣ ነጠላቸውን አሸርጠው እየገፉ።

«ይግፉ እትዬ፣ ነገ ለቤተ ክርስቲያን መሄጃዎ ናት!» አለ ደምሌ።

«እኔ በእግሬ ነው የምጸድቀው!»

ተንከባለለች። አንዴ አነጠሰች። ሁለተኛ አነጠሰች። ከዚያ ልክ እንደ ትልቅ ድመት ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረች፤ አህዮች ደነበሩ፣ ሴቶች እልል አሉ። ደምሌ አላለቀሰም፤ እጁ ብቻ ከመሪው አልላቀቅ አለው። ላቀችን የኋላው ወንበር ላይ አስቀምጦ ከቤቱ ደጅ እስከ ኢየሱስ ደጀ ሰላም ወሰዳት። በብራናዋ መስኮት የገባው ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። «አያመኝም» አለች፤ «ደምሌ፣ ምንም አያመኝም።»

ለእናቷ ግንቦት ልደታ እንመጣለን ብለው ላኩባት።

የሞተሩ ድምፅ ግን ከነሱ ቀድሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ልደታ ሳይደርስ አለሙ መጣ። በዳኛው ፊት፣ ከወይራው ጥላ ሥር ቆሞ፣ «አባቴ ለጥገና ሰጠው እንጂ አላወረሰውም» አለ።

ደምሌ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ሳቀ። «አገሩን ጠይቁት» አለ። አገሩም አጉረመረመ፤ «ከነስሟ! ከነስሟ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዳኛው ከዘራቸውን አነሱ። «የሰማ አይመሰክርም። ያየ ይምጣ።»

ሀይሌ ተጠራ። አዲስ ነጭ ሸማ ለብሷል፤ ደምሌ ያን ልብስ አያውቀውም። ቆሞ ወደ መሬት አየ።

«ፊታውራሪ ለዚህ ሰው መኪናዋን ሲሰጡ አይተሃል?»

«አላየሁም ጌታዬ።»

«ሀይሌ!» አለ ደምሌ። ድምፁ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር። «ልጓሙን ስቀበል... አጠገቤ ቆመህ... ጤዛው እግርህን አርሶት...»

«ግጥሙስ?» አሉ ዳኛው። «ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው» አለ ሀይሌ። «አዝማሪ የበላበትን ያሞግሳል ጌታዬ። ያላየውንም ያዜማል። ዘፈን ዘፈን ነው፤ ምስክር አይደለም።»

ሰባት ዓመት ከደለል ብረት ያወጣ ሰው፣ በዚያች ቃል ውስጡ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማ። ዳኛው የተባለውን ይዘው ለአለሙ ፈረዱ፤ ምን ያድርጉ?

መኪናዋ የቆመችበት ደጁ ሲደርሱ ደምሌ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠፍሩን ሳይፈታ፣ እንደተቀበለው በሁለት እጁ ዘረጋ። አለሙ ቁልፉን ፈትቶ ወሰደና ጠፍሩን መለሰለት። «ይኼንን ለኮርቻህ አድርገው።»

«ዳገት ላይ አያስጨንቋት» አለ ደምሌ። «ራዲያተሯ ሲሞቅ ቆም ብለው ውኃ ያጠጧት። የላቀች ብር አለበት።»

አለሙ አልሰማውም፤ በሩን ከፍቷል። ያን ጊዜ ነው ደምሌ ሁሉንም ያወቀው። ሀይሌ መሰንቆውን አቅፎ ዞረና በፊተኛው በር ገባ። ከደምሌ ስፌት ላይ፣ ሰባት ዓመት ካዜመበት ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። «አዲስ አበባ አስገባሃለሁ፣ የትልልቅ ሰው ቤት ታዜማለህ» ብሎት ኖሯል አለሙ። ላቀች ደጃፏ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። ሀይሌ አንገቱን ወደ ሌላ ወገን አዞረ፤ ግን በዚያ ወገን ያለችው መስኮት የብራናዋ ነበረችና ምንም አላየባትም።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ ጎረቤቶች ሊያጽናኑ ሲመጡ። ደምሌ ያዘነው መኪናዋ ስለሄደችስ አልነበረም። ብረት ነች፤ ከጎተታት ጋር ትሄዳለች። ያ ሁሉ ዘመን ድካሙን ያቀለለለት ድምፅ ግን... ያ ድምፅ ከየት ይምጣ? የላቀች እናት በዚያው ክረምት ዓይኗን መንገድ ላይ እንደተከለች አረፈች።

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አለፈ። በጥር የጎረቤታቸው የዘርትሁን ልጅ ተዳረችና ደምሌ ዳሱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀትር ላይ፣ የመሰንቆ ድምፅ ሰማ። ቀና አለ። ሀይሌ ነው። አቧራ ለብሶ፣ በእግሩ መጥቷል። አለሙ በአንድ ወር ውስጥ ሰልችቶት ከበር መልሶታል አሉ። ደምሌን አላየውም፤ ሰርገኛውን እያሞገሰ ይዞር ነበር። ድምፁ እንደ ድሮው ነው።

የአዝማሪ ሥርዓት ይታወቃል። ሰው ተነስቶ «ተቀበል!» ሲል የተሰጠውን ግጥም ሳያጎድል፣ በራሱ አፍ ማዜም አለበት። የተሰጠውን አልቀበልም የሚል አዝማሪ መሰንቆውን ቢያቃጥለው ይሻለዋል፤ ሁለተኛ ዳስ አይገባም።

ደምሌ በዕድሜው ግጥም ሰጥቶ አያውቅም። ተነሳ። የልጓሙ ጠፍር እጁ ላይ ተጠምጥሟል።

«ተቀበል!»

ሀይሌ ዞረ። ደጋኑ ክሩ ላይ ቆመ።

ደምሌ ድምፁን ሳያነሳ ሰጠው፤

ልጓሙን ሲቀበል ዓይኔ አይቶ ነበር፣
ምላሴ ካደችው ለመኪና ወንበር።

«በል እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ተቀበል ተብለሃል!»

ሀይሌ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ደምሌ አየ። ደጋኑን ጎተተ። በዚያ ባማረ ድምፁ፣ ቃል ሳያጎድል፣ «ዓይኔ አይቶ ነበር» ብሎ አዜመ። «ምላሴ ካደችው» ላይ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ጨረሰው። አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበም። እትዬ ተሾመች ብቻ፣ «ይኸው መሰከረ» አሉ።

ደምሌ ሌላ ግጥም ነበረው። ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ። ሀይሌ ደጋኑን አንስቶ፣ ቅጣቱን እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነበር። ደምሌ አልሰጠውም። ወጥቶ ሄደ።

ላቀች ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትፈትላለች። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ያልሰጠውን ግጥም ለሷ ነገራት፤

ብረቱ ታዘዘኝ ዝገቱን አብሼው፣
ሰው ነው የዛገብኝ በጄ አጉርሼው።

እንዝርቷን አቆመች። «ሀይሌ መጥቷል?»

«መጥቷል።»

«ሰጠኸው? ተቀበለህ?»

«አንዱን ተቀበለኝ።»

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አጋደመች። «ድምፁስ?»

ደምሌ ጠፍሩን ከእጁ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እንደ ድሮው ነው» አለ። «ያምራል።»