ሦስት ስፒከር የበላው በር

እንዳለውን የላሊበላ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሌላው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ገና ቴስተሩን ሲፈልግ፣ እሱ በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍንና «የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል» ወይም «ሽቦው ማጠፊያው ጋ ተበጥሷል» ብሎ ይፈርዳል። ይሳሳታል? አልፎ አልፎ፤ ሰው አይደል እንዴ! ግን ሲሳሳትም በሙሉ ልቡ ነው።

ይህ ጆሮ ከሰማይ ዱብ አላለም። አባቱ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል የዜማ መምህር ናቸው። እንዳለው ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ተምሯል፤ ጉባኤው ላይ እንደ ሌላው ተማሪ «የኔታ»፣ ቤት ሲገቡ «አባዬ» እያለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ድምፁ ጎረነነና እንደጎረነነ ቀረ። ማሩንም ዝንጅብሉንም ጸበሉንም ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን መጽሐፉን አጥፎ ወልድያ ወረደና የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሮ ተመለሰ።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ! «ልጄ ደህና ነው፤ ሽቦ ይቀጣጥላል» ይላሉ ለጠየቃቸው። ተማሪዎቻቸውን ሲቆጥሩ ግን፣ ይኼኛው እዚህ ደብር፣ ያኛው እዚያ ደብር እያሉ ሁሉንም ይጠሩና የእሱን ስም ይዘሉታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘለሉት። ሱቁ ከቤታቸው አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ አንድ ቀን ደጁን አልረገጡም። እንዳለው ስቆ ያልፈዋል እንጂ ነገሩ ያመው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ «ተማሪዬ» ቢሉት ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

ስፒከር ሲፈትሽ ታዲያ ዘፈን አይከፍትም። አባቱ ማሕሌት ቆመው ሲያዜሙ በስልኩ የቀዳው ድምፅ አለው፤ መሞከሪያው እሱ ነው። በግዕዝ ዜማው ወፍራሙን ድምፅ፣ በአራራዩ ቀጭኑን ይለካል። ሾፌሮቹ «አንተ ሰውዬ፣ መኪናዬን ልታመነኩሳት ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ሥራውን ያውቃል።

እንግዲህ ሰሎሞን የሚባል ባለ ሚኒባስ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚያመላልስ። የጋቢናው የቀኝ በር ስፒከር ዝም አለበት። እንዳለው እንደ ደንቡ ጀመረ። የቴፑን ድምፅ በባላንሱ ወደ ቀኝ ብቻ ወሰደው፤ ጭጭ። የግራውን ስፒከር ነቅሎ በቀኙ ሽቦ ላይ ቢያስረው ጮኸ፤ ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። የቀኙን በባትሪ ድንጋይ ቢያስነካው ጠቅ እንኳ አላለም። ሞቷል። አዲስ ገጠመለትና ሰሎሞን መርቆት ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ።

«እንዳለው፣ የገጠምክልኝ ስፒከር ነው ወይስ ድንች?»

ሌላ ገጠመ። እሱም ወር አልሞላው። ሰሎሞን በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

«ስማኝ፤ ለይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ካህናቱን የምወስደው እኔ ነኝ። አባትህ ጋቢና ናቸው። መንገዱን ሙሉ ዜማ ክፈትልን ብለውኛል። እዚያ ኮረኮንች ላይ ቢያርፍብኝ ምን ልበላቸው? ልጅዎ የሠራው ነው ልበል?»

እንዳለው መፍቻውን አነሣ። አባቱ ሥራውን በገዛ ጆሯቸው የሚሰሙባት ቀን መጣች፤ ያውም ሦስት ስፒከር በበላ በር!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እንዳለው ደግሞ ከሥሩ አልጀመረም ነበር፤ የሞተውን እያወጣ አዲስ መግጠም ብቻ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! አሁን የመስታወት ማውረጃውን እጀታ ፈታ፣ የበሩን ሽፋን ሙሉ በሙሉ አወረደና ውስጡን በስልኩ መብራት ቃኘ። የስፒከሩ ወረቀት ወጥ እንደነካው ዳቦ ረጥቧል። ዝናብ ይሆን ብሎ ከውጭ መስታወቱ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ቢያፈስ፣ በዚያ በኩል ወደ ስፒከሩ ጠብ የሚል የለም። እርጥበቱ የሚመጣው ከስፒከሩ በላይ ካለው የበሩ ኪስ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ቢሰድ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘ፤ ክዳን የሌለው፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ። ጨርቁ ከጋቢ ጥለት የተቀደደ ነው። ጥለቱን አወቀው። የአባቱ ጋቢ ነው።

ሰሎሞን ራሱን ያዘ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ለጉልበታቸው ከነአኩቶ ለአብ ጸበል ይዘው፣ እዚህ ኪስ ውስጥ አስቀምጠው ይመለሳሉ። የዛሬ ሳምንት ረስተውት ወርደዋል። እና ምን ልትል ነው? ጸበል አበላሸው ልትል ነው? አፍህ እንዳይጣመም!»

«ምን ቆርጦኝ!» አለ እንዳለው።

ለማንም ትንፍሽ ላይል ወሰነ። ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ላይ ቁራጭ ቆርጦ ከስፒከሩ በላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ አሰረው፤ ውሃ ቢመጣ በዚያ ላይ ተንሸራትቶ በበሩ ታች ይወጣል። አራተኛውን ስፒከር አስገብቶ ሽቦውን ሊያስር ሲል ደጁ ላይ የመቋሚያ ኳኳታ ሰማ።

መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ቆመዋል።

«ሰሎሞን እዚህ ነው ቢሉኝ ጊዜ... ጠርሙሴን ረስቼበት» አሉና ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«አባዬ! ይግቡ፣ ይግቡ! ይቀመጡ!» እንዳለው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ሽቦውን እንዲያው በጥድፊያ ቋጠረና ድምፁን ከፈተ። የመሪጌታ ዜማ ከሁለቱም በሮች ወጣ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። ሁልጊዜ በእርስዎ ነው የምሞክረው።»

መሪጌታ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንገታቸውን ትንሽ ሰበር አደረጉ። ሰሎሞን አንዴ አባትን አንዴ ልጅን አየና ፈገግ አለ፤ አቀማመጣቸው ቁርጥ አንድ ነው።

«ቀኙም ይጮኻል፣ ግራውም ይጮኻል» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን አብረው አይተነፍሱም። አንዱ ሲያነሣ አንዱ ይጥላል። ግዕዙ ሆድ የለውም። ማሕሌት ላይ በቀኝና በግራ የቆሙት እንዲህ ቢሆኑብኝ፣ አስታርቄያቸው ነው የምቀጥለው።»

እንዳለው ጆሮውን ደገነ። እውነታቸውን ነው! በጥድፊያው ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አገላብጦ አስሮታል። የግራው ወረቀት ወደፊት ሲገፋ የቀኙ ወደኋላ ይስባል፤ በመካከል ወፍራሙን ድምፅ ይበሉታል። ሌላ ጊዜ በባትሪ ድንጋይ ሳይፈትን አያስርም ነበር።

«እሺ የኔታ» አለ።

ከአፉ ሾልኮ ነው የወጣው። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ብሏቸው አያውቅም። መሪጌታ ሰምተዋል፤ አላረሙትም።

ሽቦውን ገለበጠው። ዜማው ሞልቶ ወጣ፤ ወንበሩ ሥር ድረስ ተሰማ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚች ዜማ ላይ እኔም ቸኩያለሁ» አሉ። ከዚያ ጠርሙሳቸውን ተቀበሉ። ውታፉን አዩ፣ የረጠቡትን ስፒከሮች አዩ፣ የጀሪካኑን ቁራጭ አዩ። ሞኝ አይደሉም።

«የኔ ጸበል ነው እንዴ?»

«ኧረ ጸበል ምን በወጣው! ክዳን ማጣቱ ነው እንጂ።»

ሰሎሞን ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እንዳለው ከመደርደሪያው አንድ ክዳን ያለው ጠርሙስ ፈልጎ ጸበሉን ገለበጠላቸው።

የንግሡ ዕለት ሚኒባሱ ካህናት ሞልቶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ተነሣ። እንዳለውን ሰሎሞን በግድ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ «ቢያርፍብኝ አንተን ነው የማዘፍነው» ብሎ። በሩ ግን አላረፈም። ኮረኮንቹ ላይ ሲንጓጓም፣ ዳገቱን ሲቧጥጥም፣ ዜማው ከቀኝም ከግራም ኩልል ብሎ ይወርዳል። መሪጌታ ጋቢና ተቀምጠው፣ ጠርሙሳቸውን ከነክዳኑ ታቅፈው፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ።

ከኋላቸው የተቀመጡት አረጋዊው ቄስ አባ ወልደ ኪዳን ጎንበስ አሉ።

«ሰሎሞን፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ማን ሠራልህ?»

ሰሎሞን አፉን ሲከፍት መሪጌታ ቀደሙት። ወደ ኋላ እንኳ አልዞሩም።

«ተማሪዬ ነው» አሉ።