ብዙ ሻይ የጠጣው ጋሪ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የእንጨት ዕቃን ገልብጬ ከሆዱ ማየት የተማርኩት ያኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣችና የአንድ የሻይ ጋሪ ፎቶ አሳየችኝ። ባለ ሁለት ደርብ፣ የነሐስ ጎማ ያለው፣ ሳሎን ውስጥ በእጅ የሚገፋ።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?"

"ሆዱን ሳላይ አልናገርም።"

ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

እናቴ ሱዳን፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት የውጭ አገር አሮጊት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አሮጊቷ ጠቅልላ ስትሄድ የሻይ ጋሪዋን ለእናቴ ተወችላት፤ ሸጠሽ የራስሽን ሥራ ጀምሪበት አለቻት። የዘጠኝ ዓመት ልፋቷ ያ ብቻ ነበር። እናቴ ጋሪውን ስታየው ትንሽ ሱቅ ይታያት ነበር። በአህያ ጋሪ ጭነን፣ አቧራ እየጠጣን እኛ ሰፈር፣ ማዮ አስገባነው። እኔ ከጎንደር ከመጣሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የትንሹ ወንድሜ የክርስትና አባት ነው፤ አሮጌ የቤት ዕቃ እየገዛ ካርቱም ሁለት ይሸጣል። "ዋጋውን ላስገምትልሽ" ብሎ አንድ ሱዳናዊ እንጨት አዋቂ ይዞ መጣ። ሰውየው ጋሪውን ገለበጠው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው፣ አሸተተው። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ሳጅ። ገዲም" አለ።

እናቴ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነበራት። ሳጅ ማለት ለእሷ ቂጣ የሚጋገርበት ብረት ነው። ገዲም ደግሞ አሮጌ፤ አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ድስት።

"እንጨቱን ነው ሳጅ የሚለው?" አለችው።

"ይኸው ሰማሽ አበልጅ፣ እንደ ሳጅ ነዶ አልቋል ነው የሚልሽ። አርጅቷል። እኔ ግን ባዶ እጅሽን አልተውሽም።"

በማግስቱ አንድ ጆንያ ስኳር አምጥቶ ጋሪውን ወሰደ። እናቴ አመሰገነችው።

ብዙም ሳይቆይ ሶባ በሚባል ሰፈር፣ የሐጂ ኢድሪስ አናጢ ቤት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ መሥራት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተጨናንቄ፣ ፉል በዳቦ ከመንገድ በልቼ እገባለሁ። አንድ ቀን ሐጂ አንዲት ቁራጭ እንጨት አፍንጫዬ ሥር አድርገው፣ "አሽትቺ፣ ቆዳ ቆዳ አይልም? ሳጅ ነው። ከእንጨት ሁሉ በላይ። ገዲም ከሆነማ በገንዘብ አይተመንም" አሉኝ።

እንጨት አዋቂው ለካ ያለው ይህን ነበር። እሑድ ካርቱም ሁለት ሄድኩ። የእናቴ ጋሪ የጋሽ ደምሴ ሱቅ መስኮት ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። አልገባሁም። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ በእሷ ፋንታ ብቻዬን ተናደድኩ።

የዒድ ሰሞን እንጨት አዋቂው አገር ቤቱ እንደሚገባና ጋሽ ደምሴ የሚያማክረው እንደሚያጣ አውቅ ነበር። እስከዚያ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ጣውላ ሌላ ጋሪ ሠራሁ። አሮጌ የነሐስ ጎማ አገኘሁለት። ሻይ እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር አፍልቼ ለሁለት ሳምንት ቀባሁት፤ ላዩን ሰም አሸሁበት።

"ለማን ነው?" አሉኝ ሐጂ።

"ለዘመድ።"

"ወላሂ፣ የአንቺ ዘመድ ከመሆን አላህ ያውጣኝ" ብለው ቀለሙን ራሳቸው አስተካከሉልኝ።

ጋሽ ደምሴ ጋሪዬን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከሶባ። ያንን የእናቴን ይስጡኝና ይህን ይውሰዱ። እሷ የለመደችውን ነው የምትወደው።"

"ይሄኛው ገዲም ነው?"

"ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ይህ ጋሪ ብዙ ሻይ ጠጥቷል።"

የእኔው የበለጠ ገዲም መስሎት፣ ሞኝነቴን እያደነቀ ለወጠኝ። ጎማውን እንኳ ራሱ ወልውሎ አስረከበኝ።

ክረምቱ ገባና የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ። አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ደንበኛ እርጥቡን ጋሪ ተደግፎ ሲነሳ ጎኑ በሙሉ ሻይ ሆኖ ተነሳ። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ጋሽ ደምሴ አጣቢ ሆነ። በማግስቱ ማዮ ድረስ ጭቃ እያቦካ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ አታለልሽኝ።"

"ብዙ ሻይ ጠጥቷል አላልኩዎትም?"

ለእናቴ ጋሪውን ራሱ ራርቶ መለሰልን ብያት ነበር፤ ነገሩን ሁሉ የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ለሜሮን ስነግራት፣ "አሁንስ አልተጸጸትሽም?" አለችኝ። ስለ ብዙ ነገር ተጸጽቻለሁ፤ ያ ጀለቢያ ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ እንቅልፌ ይጣፍጣል። እናቴ ደግሞ ከእኔ ትብስ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በጋሪው ፋንታ ያመጣውን ያን ስኳር ቤታችን ቀምሶት አያውቅም። በየበዓሉ ጋሽ ደምሴን ትጠራዋለች፤ አበልጅ ነውና አይቀርም። ሻዩን ሳትሸጠው ባስቀረችው በዚያው በሳጁ ጋሪ እየገፋች ፊቱ ድረስ ታመጣለታለች። ከጆንያው ትጨልፍና ብርጭቆው ውስጥ ትጨምራለች፤ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃው ጠይቃው አታውቅም። እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቀዋለች። ጆንያው እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ አደረገች።