እጀ ሐርና እናቷ

እኔ የሱሪ ሰው ነኝ። ካኪና ጂንስ ሲሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ብጎትታቸውም ብረግጣቸውም አያኮርፉም። ከጎኔ ባለው የስፌት መኪና ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችው ሴት ግን የምትሰፋው ሐርና ሳቲን ብቻ ነው። “እጀ ሐር” ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለማብሸቅ ነበር፤ በኋላ ደንበኛው ሁሉ በዚያው ጠራት።

ሳቲን አመለኛ ጨርቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውት ዞር ሲሉ ወለል ላይ ይገኛል። እጀ ሐር ግን አመሉን ታውቃለች። እንዳይንሸራተት ጠረጴዛዋን በአሮጌ አንሶላ ትሸፍናለች። ከጨርቁ ሥር ስስ ወረቀት አድርጋ አብራ ትሰፋውና ወረቀቱን ቀስ ብላ ትቀደዋለች። አዲስ መርፌ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ ሳትሞክር ቀሚስ አታስነካም። ከሁሉ በፊት ግን እጇን ነው የምታዘጋጀው። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ትቆርጣለች፤ ጠዋት ጠዋት መዳፏን ቅባት ታሻለች። ሻካራ ጣት ሐር ላይ ካረፈ ክሩን ይዞ ይመዘዋል፤ የተመዘዘውን ክር ደግሞ የሸመነው ሰው እንኳ አይመልሰውም።

ያን እጅ የጠበቁላት እናቷ ናቸው። ሙያውን ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ብርጭቆ እንኳ አላሳጠቧትም። “እጅሽ ይሻክራል፣ ተዪው” እያሉ የቤታቸውንም የሰውንም ልብስ ሲያጥቡ ኖሩ። የሳቸው መዳፍ በሳሙናና በበረኪና ተሰነጣጥቆ ሞረድ ሆኖ ነበር። ምሳዋን በየቀኑ ያመጡላታል። ገና ከደጃፉ ብቅ ሲሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም፣ “እማዬ፣ እንዳትነኪው!” ትላለች።

“ኧረ አልነካሁም” ይላሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው። እኛ እንስቃለን።

አንዳንዴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ በጣም ይለሰልሳል አይደል?” ይሉኛል።

“እኔ በምን አውቄ እማማ፣ የሱሪ ሰው!”

“ላንቺም እሰፋልሻለሁ እኮ፣ የሰርጉ ወቅት ይለፍ” ትላቸዋለች ልጃቸው። የሰርጉ ወቅት ያልፍና የምረቃው ይመጣል።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ አልቆ ተሰቅሏል፤ ሙሽሪትም ልትለካው መጥታለች። እማማ ምሳውን አስቀመጡና ሁላችንም ወደ ሙሽሪት ስናይ ቀሚሱን ነካ አደረጉት፤ በመዳፋቸው እንኳ አይደለም፣ በእጃቸው ጀርባ። የጣታቸው ስንጥቅ ክር ያዘ። ደንግጠው እጃቸውን ሲስቡ ክሩም አብሮ መጣ፤ ቀሚሱ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጭን መስመር ተሰመረ።

እጀ ሐር ደሟ ፈላ። “ስንቴ ልንገርሽ? ይሄን እጅሽን ይዘሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትገቢ!” ብላ በሰው ፊት ጮኸችባቸው።

“አበላሸሁብሽ፣ ይቅር በዪኝ ልጄ” ብለው ወጡ። አንጀቴን በሉት። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ ብናገራት ትሰማኝ ነበር። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ሱሪዬን መተኮስ ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲያ እማማ ከደጃፉ አላለፉም። ምሳ ዕቃውን ለእኔ ሰጥተው “አቀብላት” ይሉና ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከወለል የምንጠርገውን የሐር ቁርጥራጭ ጠየቁኝ።

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ለትራስ መሙያ።” በየሳምንቱ በፌስታል አድርጌ እሰጣቸው ጀመር።

እጀ ሐርም ተጸጽታ ነበር፣ ምስክሯ እኔ ነኝ። ሰማያዊ ሐር ገዝታ መደርደሪያው ላይ አኑራለች። “ቀሚሱን ሳለብሳት ነው ይቅርታ የምላት” ትለኛለች። እቤት ስለ ሁሉ ነገር ያወራሉ፣ ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም አያነሱም። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ዓመት ሄደ። እማማ ሳምንት ባልሞላ ሕመም አረፉ፤ ሰማያዊው ሐር መቀስ አልነካውም።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ፌስታሌን ይዛ መጣች። ከእናቷ ፍራሽ ሥር ያገኘችው ነው።

“ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሰጧት?”

“ለትራስ ብለውኝ ነው።”

ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አንሶላው ላይ ዘረጋቻቸው። ከሥር የነበሩት የዛሬ ሁለት ዓመቶቹ ናቸው፤ ክራቸው ተመዞ ተመዞ ጨርቅነታቸው ጠፍቷል። ወደ ላይ ሲመጣ የተመዘዘው ክር እያነሰ ሄደ። በመካከላቸው እስከ ጠርዙ ድረስ የተጠረገ የቫዝሊን ቆርቆሮ ነበር። እማማ ለካ ቅባታቸውን እየተቀቡ፣ ልጃቸው መርፌ እንደምትሞክር፣ እጃቸውን ሲሞክሩ ኖረዋል።

ከላይ ያሉትን ሦስቱን ጨርቆች አውቃቸዋለሁ፣ ባለፈው ወር ከተሰፋ ቀሚስ የተረፉ ናቸው። አንድም ክር አልተመዘዘባቸውም።

“እጇ ለስልሶ ነበር ጋሼ” አለች። “መግባት ትችል ነበር። ግቢ እስክላት እየጠበቀች ነበር። አብሬያት እያደርኩ እጇን አላየሁትም!” አንሶላው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ዕቃውን ከዚያ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ።